የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኦል ዊል ድራይቭ ላለው ሰው የዊንተር ጎማ ምን ያደርግለታል?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ይዘው በረዶ በሚጥልበት አገር ከሚኖሩ አንባቢያን የመጡ ናቸው። ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላት አንድ ነገር እንበል። አገር ቤት ክረምት የዝናቡ ወቅት ስለሆነ፣ የብርዱን ወራት ሁላችንም እንደለመድነው «ዊንተር» እንላለን። «በረዶ» የሚለው ቃላችንም ሁለት ነገር አንድ ላይ ይይዛል፤ ከሰማይ የሚወርደውን ለስላሳ ስኖውና አስፋልት ላይ እንደ መስታወት የሚረጋውን አይስ። ለጎማ ሁለቱ በጣም የተለያዩ ስለሆኑ ለየብቻ እንጠራቸዋለን።

ጥያቄ፦ የ2021 ራቭ ፎር ኦል ዊል ድራይቭ አለኝ። ስገዛት ሻጩ «ይቺ የስኖው ጎማ አያስፈልጋትም» ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ግን «ይኼ ነገር አይዋጥልኝም» ትላለች። ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ይዘን ወደ ተራራው እንወጣለን። ማን ነው ልክ? (ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ኦል ዊል ድራይቭ የሚጠቅመው ነዳጅ ሲረግጡ ነው። ከቆሙበት ሲነሡ፣ ዳገት ሲወጡ፣ ሌላው ቦታው ላይ ጎማ እያሽከረከረ ሲቀር እርስዎ ወጥተው ይሄዳሉ። ፍሬን ሲይዙ ግን በየትኛውም መኪና ላይ አራቱም ጎማ ይይዛል፤ በፊት ጎማ ብቻ የምትጎተት ኮሮላም የእርስዎ ራቭ ፎርም በዚህ እኩል ናቸው። ኩርባ ላይም እንዲሁ። መኪናዋን መንገዱ ላይ የሚያቆያት፣ እያንዳንዱ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ መሬት የነካው አራት ቦታ ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ኦል ዊል ድራይቭ የመንገዱን ክፋት መደበቁ ነው። በሁለት ጎማ የምትጎተት መኪና ገና ስትነሣ እየተንሸራተተች ሾፌሯን ታስጠነቅቃለች። እርስዎ ግን ምንም ሳይሰማዎት 40 ማይል ይደርሱና፣ መንገዱ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት የፊተኛው መኪና ፍሬን ሲይዝ ነው።

በቁጥር እንየው። በሰዓት 30 ማይል እየነዱ ፍሬን ያዙ እንበል። በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን 0.2 ከሆነ ለመቆም 46 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ 0.3 ከሆነ 31 ሜትር። ልዩነቱ 15 ሜትር ነው፤ ሦስት ራቭ ፎር ተከታትለው የሚቆሙበት ቦታ ማለት ነው። ያንን ልዩነት ሊያመጣ የሚችለው ጎማው ነው። የተለመደው ኦል ሲዝን ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየወረደ ሲሄድ እየደረቀ ይመጣል፤ የዊንተር ጎማ ግን በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ የተቀመመ ነው። ጥርሱን ቀረብ ብለው ቢያዩት በእያንዳንዱ ብሎክ ላይ በምላጭ የተተለተለ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። ጎማው ሲጫን ስንጥቆቹ ይከፈቱና ጠርዛቸው ስኖውን ይነክሳል። ሰፋፊዎቹ ቦዮች ደግሞ ስኖው ይጎርሳሉ፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ ነው፤ ስኖው በስኖው ላይ ከጎማ የተሻለ ይይዛልና።

ሻጩ የተናገረው ምናልባት ከሕጉ ጋር ተያይዞ ይሆናል። በኮሎራዶ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ በአይ 70 አውራ ጎዳና ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ የትራክሽን ሕጉ ይጸናል። ኦል ዊል ድራይቭ መኪና የጎማው ጥርስ 3/16 ኢንች (4.8 ሚሊሜትር ያህል) ካለው ያልፋል፤ የስኖው ጎማ አይጠየቅም። ይህ ግን ትንሹ መስፈርት ነው፤ ጥርሱ ከዚያ በታች ከሆነ ኦል ዊል ድራይቭ መሆኑም አያድንዎትም። ቅጣቱ ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ መንገድ ከዘጉ ከ650 ዶላር ያልፋል። መለኪያ ከሌለዎት ከ1959 እስከ 2008 የተመታ የአንድ ሳንቲም ፔኒ ይፈልጉ። ጀርባው ላይ የሊንከን መታሰቢያ ሕንጻ አለ። ሳንቲሙን ዘቅዝቀው በጎማው ቦይ ውስጥ ያስገቡት፤ የሕንጻው ጣሪያ ከጥርሱ በታች ከተደበቀ ከ3/16 ኢንች በላይ አለዎት ማለት ነው። በአንድ ቦታ ለክተው አይተዉት፤ ከውስጥ በኩል፣ መሐሉንና ከውጭ በኩል በየጎማው ይለኩ፤ የውስጡ ጠርዝ ብቻውን አልቆ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቀራል።

አራቱንም ይቀይሩ። «ለፊቶቹ ብቻ ይበቃል» የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉት። ፊቱ እየያዘ ኋላው ከተንሸራተተ መኪናዋ ኩርባ ላይ ወይም ፍሬን ሲይዙ በጅራቷ ዞራ መንገድ ትዘጋለች።

ጥያቄ፦ ሱባሩ ፎሬስተር አለኝ። ሁለት ዙር ጎማ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም፤ የምኖረው አፓርትመንት ነው። ኦል ሲዝን፣ ኦል ዌዘር፣ ዊንተር የሚባሉት ልዩነታቸው ምንድን ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ስማቸው ይመሳሰላል፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ልዩነቱን ለማወቅ የጎማውን ጎን ያንብቡ። «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S) የሚል ጽሑፍ ብቻ ካለ፣ አምራቹ የጥርሱ ቅርጽ ለጭቃና ለስኖው ይስማማል ማለቱ ነው፤ ለዚያ ጽሑፍ ስኖው ላይ የሚደረግ ፈተና የለም። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ካለ ግን ጎማው በተደመደመ ስኖው ላይ ተፈትኖ፣ ከማነጻጸሪያው ጎማ ቢያንስ በ10 በመቶ የተሻለ ሆኗል ማለት ነው። ምልክቱ በአሜሪካና በካናዳ ከ1999 ጀምሮ ይሠራበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይያዙ፦ የአሜሪካው ፈተና የሚለካው ስኖው ላይ የመጎተት አቅምን ነው። አይስ ላይ ፍሬን መያዝን አይለካም። ስለዚህ ተራራው የታተመባቸው ሁለት ጎማዎች አይስ ላይ በጣም ሊለያዩ ይችላሉ።

ኦል ዌዘር የሚባለው ተራራው የታተመበት፣ በበጋም የማይቀየር ጎማ ነው። ሚሽሊን ክሮስክላይሜት 2፣ ቶዮ ሴልሲየስ 2፣ ኖኪያን ሬሜዲ ደብሊውአርጂ 5 ከዚህ ወገን ናቸው። እውነተኛዎቹ የዊንተር ጎማዎች፣ ለምሳሌ ብሪጅስቶን ብሊዛክ፣ ሚሽሊን ኤክስ አይስ ስኖው፣ ኮንቲኔንታል ቫይኪንግ ኮንታክት 7፣ ኖኪያን ሀካፔሊታ አር 5፣ በአይስ ላይ ከእነዚህ ይበልጣሉ። ምክንያቱ አይስ የሚያንሸራትተው ላዩ ላይ በሚሰፋው ስስ ውኃ ስለሆነ ነው፤ እነዚህ ጎማዎች ያንን ውኃ የሚመጥ ወይም የሚጠርግ ልዩ ላስቲክና ብዙ ስንጥቅ አላቸው። አይስ ይበልጥ የሚያንሸራትተው በከባድ ብርድ ሳይሆን ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ውኃው የሚበዛው ያኔ ነውና።

ለእርስዎ የምንመክረው ኦል ዌዘር ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በኮሎምበስም ሆነ በሲያትል ከተማ ውስጥ ስኖው ይጥላል፣ በቀናት ውስጥ ይቀልጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነዱት እርጥብ አስፋልት ላይ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ኦል ዌዘር ከለስላሳው የዊንተር ጎማ የተሻለ ፍሬን ይይዛል። ሚኒያፖሊስ፣ ካልጋሪ ወይም ኤድመንተን ቢኖሩ ኖሮ መልሳችን ሌላ ነበር፤ እዚያ መንገዱ ለወራት በረዶ ጠንክሮበት ይቆያል፣ መስቀለኛ መንገዶች በመኪና ብዛት ተወልውለው መስታወት ይሆናሉ። እዚያ ቦታ ጠፋ ተብሎ የዊንተር ጎማ አይተውም፤ በዓመት ከፍለው የሚያስቀምጡላችሁ ጎማ ቤቶች አሉ።

ከሲያትል ሌላ አንባቢ በስኖኳልሚ የተራራ መተላለፊያ በኩል ለማለፍ ሰንሰለት ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቀውናል። «ሰንሰለት ግዴታ» የሚለው ምልክት ሲበራ ኦል ዊል ድራይቭ መኪና ሳያስር ያልፋል፤ ግን መኪናው ውስጥ መያዝ አለበት። ከመግዛትዎ በፊት የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይዩ፤ ብዙዎቹ የዛሬ መኪኖች በጎማውና በሾክ አብዞርበሩ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ የሚፈቅዱት ቀጭኑን የኬብል ዓይነት ብቻ ነው፤ በየትኛው ጎማ ላይ እንደሚታሰርም መጽሐፉ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ሱባሩ አውትባክ ይዤ ኡበር እሠራለሁ። አንዱ ጎማ ጎኑ ተቆረጠብኝ። ሌሎቹ ግማሽ ያህል ሄደዋል። አንዱ ጎሚስታ «አንድ አዲስ ግዛና ጨርስ» ሲለኝ ሌላው «አራቱንም ካልቀየርክ መኪናህ ይበላሻል» አለኝ። ገንዘቤን ሊበላኝ ነው ወይስ እውነቱን ነው? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ሁለተኛው እውነቱን ነው የነገረዎት፤ መንገዱ ግን አንድ ብቻ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ጎማ ጥርሱ 10/32 ኢንች፣ ያረጀው 6/32 ነው እንበል። በራዲየስ 3.2 ሚሊሜትር፣ በዙሪያ ልክ ደግሞ 2 ሴንቲሜትር ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። በዚህ መጠን ያለ ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎሜትር ያረጀው ከአዲሱ 4 ዙር ያህል አብልጦ ይዞራል። በሁለት ጎማ የሚጎተት መኪና ላይ ይህን ዲፈረንሻሉ ተሸክሞት ያልፋል። በሱባሩ ላይ ግን የፊቱንና የኋላውን የሚያገናኘው ከካምቢዮው ጋር ያለው ባለ ብዙ ዲስክ ክላች ነው፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ዲስኮቹ ሲፋተጉ ይውላሉ። ይሞቃሉ፣ ይበላሉ። እንደ እርስዎ ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ፈጥኖ ይደርሳል። ምልክቱን የሚያዩት ፓርኪንግ ውስጥ መሪ ሙሉ ጠምዝዘው በዝግታ ሲዞሩ ነው፤ መኪናው እንደታሰረ ይሆናል፣ ይንገጫገጫል።

ሱባሩ የሚፈቅደው በአራቱ ጎማዎች የዙሪያ ልክ መካከል ከ1/4 ኢንች ያልበለጠ ልዩነት ነው። በጥርስ ሲታሰብ 1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በጣም ትንሽ። የሚለካው እንዲህ ነው፦ ንፋሱን በአራቱም እኩል ያድርጉ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር በጎማው መሐል ላይ ዙሪያውን ጠምጥመው ቁጥሩን ይጻፉ፤ መሬት የነካው ክፍል እንዳያሳስትዎ በክሪክ ያንሡት።

አሁን አማራጮችዎን እንይ። ጎኑ የተቆረጠ ጎማ አይጠገንም፤ የሚጠገነው መሐሉ ላይ፣ ከ6 ሚሊሜትር ባልበለጠ ቀዳዳ ሲበሳ ነው። አንደኛው መንገድ ያንኑ ሞዴልና ልክ አዲስ ገዝቶ፣ በማሽን ጥርሱን ከሌሎቹ ጋር እስኪተካከል ማስላጨት ነው። አንዳንድ የጎማ ሻጮች ይህን ይሠራሉ፤ አዲስ ጎማ ማስላጨት ያሳዝናል፤ ከአራት ጎማ ግን ይረክሳል፤ ከክላቹ ጥገና ጋርማ አይወዳደርም። ሁለተኛው፣ ያንኑ ሞዴል በተቀራራቢ ጥርስ ያገለገለ መፈለግ ነው። ሦስተኛው አራቱንም መቀየር። የእርስዎ ሦስቱ 5/32 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑና ዊንተር ከፊትዎ ካለ፣ ማስላጨቱን ይተዉት፤ አራቱን ይግዙ። ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ በየ5,000 ማይሉ የፊቱን ወደ ኋላ ያስዙሩ፤ እኩል ካለቁ ይህ ችግር አይመጣም። ትንሿን ስፔር ጎማ ደግሞ እስከ ጎሚስታው ድረስ ብቻ ይንዱባት፤ ሥራ አይሂዱባት።

ይህ በራቭ ፎር ሃይብሪድ ላይ ይለያል። እሱ የኋላውን ጎማ የሚያዞረው በተለየ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ የለውም። የሚፋተግ ክላች ስለሌለ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ ግን የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና የመንሸራተት መቆጣጠሪያው የጎማዎቹን ፍጥነት እያነጻጸረ ስለሚሠራ፣ ያልተመጣጠነ ጎማ እሱንም ያሳስተዋል።

ጥያቄ፦ ራቭ ፎሬ ባለ 18 ኢንች ጎማ ናት፤ 225/60 አር 18። ለዊንተር ሌላ ቸርኬ ልግዛ? በ17 አድርገው የሚሉኝ አሉ። (ከካልጋሪ)

መልስ፦ ይግዙ፤ 17ቱም ጥሩ ሐሳብ ነው። በአንድ ቸርኬ ላይ በዓመት ሁለቴ ጎማ ማስፈታትና ማስገጠም ገንዘብ ይበላል፣ የጎማውንም ከንፈር ይጎዳል። የእርስዎ ጎማ ዲያሜትር 727 ሚሊሜትር ነው፤ 225/65 አር 17 ደግሞ 724፤ ልዩነቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የፍጥነት መለኪያዎ አይዛባም። ጎኑ ከፍ ስለሚል በበረዶ የተሸፈነ ጉድጓድ ቸርኬውን አይመታውም፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ፕላግ ኢን ሃይብሪድ ከሆነች ግን 17 ከፍሬኑ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ቸርኬው ሲገዛ የሚታዩት፦ የብሎኑ አቀማመጥ 5 በ114.3፣ የመሐሉ ቀዳዳ 60.1 ሚሊሜትር። የመሐሉ ቀዳዳ ከሰፋ ማስተካከያ ቀለበት ያስገቡበት፤ አለዚያ በፍጥነት ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ባላንስ ቢያሠሩም አይለቅም። ዳዶዎቹም የቸርኬውን መቀመጫ መምሰል አለባቸው፤ ሾጣጣ መቀመጫ ላይ ጠፍጣፋ ዳዶ ቢያጠብቁ የጠበቀ ይመስላል እንጂ ቆይቶ ይላላል። ሲያጠብቁ በኮከብ ቅርጽ፣ ፊት ለፊት እያቀያየሩ፣ በ103 ኒውተን ሜትር፤ ከ80 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ይፈትሹ። ጎማው ላይ የመዞሪያ ቀስት ካለ ወደ ፊት መሄጃው ያመልክት፤ በተቃራኒው ከተገጠመ ውኃና ስኖው ወደ ውጭ መግፋቱን ትቶ ወደ መሐል ይሰበስባል።

የጭነት መጠኑ (ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር) ከመጀመሪያው ጎማ እንዳያንስ። የፍጥነት ፊደሉ ግን በዊንተር ጎማ ላይ ዝቅ ቢል ችግር የለውም፤ ቲ (T) በሰዓት እስከ 190 ኪሎሜትር ይሸከማል።

ጥያቄ፦ ብርድ ሲመጣ የጎማ መብራት በየጠዋቱ ይበራል፤ ቀን ይጠፋል። ጎማው ተበስቶ ነው? (ከሴንት ፖል)

መልስ፦ አይመስለንም። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በቀነሰ ቁጥር ንፋሱ 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። በ70 ዲግሪ 35 የሞሉት ጎማ በዜሮ ዲግሪ ጠዋት 28 ሆኖ ያድራል። መብራቱ ከተወሰነው መጠን 25 በመቶ ሲጎድል እንዲበራ የተሠራ ነው፤ ከ35 ሲሰላ 26 ላይ ማለት ነው፤ ቀድሞ ትንሽ ጎድሎ ከነበረ ብርዱ ይጨርሰዋል። ጠዋት ሳይነዱ፣ ውጭ ባደረ ጎማ ላይ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተጻፈውን ያህል ይሙሉ። የጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ትልቁ ገደብ ነው እንጂ የሚሞላው መጠን አይደለም። «ለስኖው ንፋስ ቀንስ» የሚለውን ምክር ይተዉት። አንዱ ጎማ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚጎድል ከሆነ ግን ያን ጊዜ ሚስማር ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ወደ ስቶክሆልም ልዛወር ነው፤ መኪናዬ ኳትሮ (ኦል ዊል ድራይቭ) አውዲ ናት። የጀርመኑ የዊንተር ጎማዬ እዚያ ይሆናል? ባለ ሚስማሩ (አይስ የሚነክስ ብረት የተተከለበት) ጎማስ?

መልስ፦ በሕግ ይሆናል፤ በሥራ ግን እንዲቀይሩት እንመክራለን። ጀርመን ውስጥ ቀን አልተቆረጠም፤ መንገዱ በረዶ ከያዘ ጎማው የዊንተር መሆን አለበት፤ ከኦክቶበር 1፣ 2024 ወዲህ የተራራው ምልክት ከሌለ አይቆጠርም፤ ቅጣቱ ከ60 ዩሮና በሾፌሩ ላይ ከሚመዘገብ አንድ የጥፋት ነጥብ ይጀምራል። ስዊድን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ የዊንተር ከሆነ ጎማው ግዴታ ነው፤ ጥርሱም ቢያንስ 3 ሚሊሜትር። ኳትሮ መሆኗ በሁለቱም አገር ምንም አይለውጥም።

የጀርመን ገበያ የዊንተር ጎማ የሚሠራው ለእርጥብ አስፋልትና ለፈጣን አውራ ጎዳና ስለሆነ ጎማው ጠንከር ይላል። ለስዊድን አይስ የሚሆነው የኖርዲክ ዓይነቱ፣ ለስለስ ያለው ነው። ሁለቱም ላይ ያው ተራራ ታትሟል፤ ስለዚህ ተራራው አይለያቸውም። የሚለያቸው ከሜይ 1፣ 2021 ጀምሮ በአውሮፓ የጎማ መለያ ወረቀት ላይ የሚገኘው ሁለተኛው፣ የአይስ ምልክት ነው፤ ሲገዙ እሱን ይፈልጉ።

ባለ ሚስማር ጎማ በጀርመን ክልክል ነው፤ በስዊድን ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ይፈቀዳል፤ ስቶክሆልም ውስጥ ግን እንደ ሆርንስጋታን ባሉ መንገዶች ላይ አይገባም። ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ሚስማር አልባው ኖርዲክ ይበቃል። ወደ ሰሜን፣ አይስ በሞላበት ገጠር የሚመላለሱ ከሆነ ሚስማሩ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አንድ ወገናችን ያገለገለ ብሊዛክ አራት ጎማ በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ጥርሱ «ገና ነው» ይላል፤ ስለካው 5/32 ነው። ጎኑ ላይ ሁለቱ 3817፣ ሁለቱ 2219 ይላሉ። ልግዛ? (ከኤድመንተን)

መልስ፦ አራቱ አኃዞች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 3817 ማለት የ2017 ዓ.ም. 38ኛ ሳምንት ነው (በፈረንጆቹ)፤ 2219 የ2019 22ኛ ሳምንት። የዊንተር ጎማ ስድስት ዓመት ካለፈው ጥርስ ቢኖረውም ላስቲኩ እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ የተገዛበትን ሥራ መሥራት ያቆማል። ብሊዛክ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ አይስ ላይ የሚይዘው ባለ ቀዳዳው ላስቲክ ያለው በላይኛው የጥርስ ክፍል ነው፤ ያ ሲያልቅ የቀረው እንደ ተራ ኦል ሲዝን ይሆናል። ይህን የሚያሳይ ከተለመደው ከፍ ያለ የዊንተር ማለቂያ ምልክት በቦዩ ውስጥ አለ፤ ጥርሱ 5/32 ከሆነ ምልክቱ ጋ ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ከአንድ ዘመን፣ ሁለት ከሌላ ዘመን የመጡ ናቸው፤ ኦል ዊል ድራይቭ ላይ ለመግጠም የአራቱ የዙሪያ ልክ መመሳሰሉን መለካት ይኖርብዎታል። ይተዉት። ገንዘቡን ጨምረው ያልታወቀ ስም ያለውም ቢሆን ተራራው የታተመበት አዲስ ኖርዲክ ጎማ፣ አራት አንድ ዓይነት፣ ይግዙ፤ ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎሜትር ደግሞ ቀስ ብለው፣ ድንገተኛ ፍሬን ሳይዙ ይንዱበት።